የስስቴ ማርከር

ለታሪክ ይመዝገብ፤ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ላይ የቅርጫት ኳስ አሰልጣኙ የጨዋታ ስልት የሚስልበትን ማርከር ለሰው ሰጠ። በተጫዋችነት ዘመኑ ኳስ አላቀብል ብሎ «ስስቴ» የተባለው እሱ ራሱ ነው።

ጨዋታው ሊያልቅ ስድስት ሰከንድ ቀርቶት ነበር። በአንድ ነጥብ የተበለጠው ቡድኑ ከተሸነፈ ከሊጉ ይወርዳል። በጠየቀው የአንድ ደቂቃ እረፍት ተጫዋቾቹ ከበውት የመጨረሻውን ኳስ አጨዋወት በሰሌዳው ላይ መሳል ሲጀምር፣ አጭሯ ተጫዋች «ጋሼ፣ ይቺን እኮ ነቅተውባታል» አለችው።

«በይ አንቺ ሳዪው።» እጁን ዘረጋ፤ ጣቶቹ ግን እሺ ስላላሉ ልጅቷ ማርከሩን ጎትታ ወሰደችው። እንደሳለችው ተጫወቱ፤ ኳሷም ገባች።

በጭብጨባው መሃል ምክትሉ፣ የድሮ የቡድን ጓደኛው፣ ጆሮው ስር መጣ። «አስራ ሁለት ዓመት ቅርጫቱ ስር ቆሜ እጄን ሳውለበልብልህ አንዴ አላየኸኝም። ዛሬ ምን ታየህ?»

አሰልጣኙ ደስ ብሎት ወንበሩ ላይ ተዘረጋ።

«አልናገርም። እሷን ለማንም አላቀብልም።»