ደወል ያሰረችው አጋዘን

በዚህ በሰሜኑ የበረዶ ምድር አጋዘኖች በረዶውን በኮቴያቸው ጭረው የሚግጡበትን መሬት የማዕድን ኩባንያ አይነካውም። የማይጭሩበትን ግን ይቆፍረዋል። ሕጉ ይኸው ነው።

ሪስተን በወጥ ቤቷ መስኮት ወደ ሜዳው ታያለች። መሬቱን ልትለይ የመጣችው ተቆጣጣሪ አረንጓዴ ባንዲራዎች ታቅፋ ቆማለች፤ በተጫረው ቦታ ሁሉ ልትተክል ነው። መንጋው የሚከተለው ደወል ያሰረችውን መሪ ነው። እሷ ከጫረች ሁሉም ይጭራል።

መሪዋ ግን ቀና ብላ ቤቱን ታያለች።

«ምን ሆና ነው የማትጭረው?» አሉ አባቷ ሄይካ።

ሪስተን ታውቃለች። ባለፈው ክረምት በበረዶው ላይ ዝናብ ዘንቦ ረጋና መሬቱ እንደ ብረት ጠጥሮ አጋዘኖቹ ሊጭሩት አቅቷቸው ነበር። ያኔ የመሪዋ ግልገል በረሃብ ሞተች።

ደወሉ እየቀረበ መጣ።

«ሪስተን፣ ምን አድርገሻል?»

«ዳቦ አበላኋት፣ አባዬ። እሷም ልትሞትብኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እየመጣች አስቸገረችኝ።»

ሽማግሌው በሩን በጀርባቸው ደገፉት። «እንዳትከፍቺ። ዳቦ ካጣች ወደ ሜዳው ትመለሳለች።»

መሪዋ አልተመለሰችም። ደጃፉ ላይ ቆማ በረዶውን በኮቴዋ ትጭር ጀመር። መንጋውም ተከትሏት መጥቶ ቤቱን ከበበ፤ ሜዳው እንዳለ ሳይጫር ባዶ ቀረ።

ተቆጣጣሪዋ በአጋዘኖቹ መሃል አልፋ መጣችና የተጫረውን ጎንበስ ብላ አየች። አንዲት ባንዲራ ብቻ ደጃፉ ላይ ተከለች። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ሪስተንን አየቻት።

«ይቺን ቦታ ማንም አይነካባችሁም» አለች።