ሦስተኛው ትራስ

ጋሼ ደቅሲሳ ለኩላሊት እጥበት ከጎሬ መቱ በሚኒባስ ሲመላለሱ ዓመት ሞላቸው። ዛሬም ከማሽኑ ጋር እንደተያያዙ፣ ነርስ ኢሊሊ በእጥበት ታካሚዎች ላይ ሆስፒታሉ የሚያካሂደውን ጥናት ቅጽ ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች። እግራቸው አብጦ እንደሆነ ጠየቀች፤ ቀጥላም ሁልጊዜ የምትጠይቀውን።

“በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?”

ሳንባ ውሃ ሲቋጥር ትንፋሽ ያጥራል፤ ያኔ ትራስ ይጨመራል።

“በሦስት።”

ኢሊሊ ቀና አለች። “ትናንት ስደውል ባለቤትዎ ‘በሁለት ነው የሚተኛው፤ አንዱ የእኔ ነው’ አሉኝ እኮ።”

“ገለኔ ካረፈች ሰባት ዓመቷ ነው” አሉ ጋሼ ደቅሲሳ። “ትናንት ደግሞ ስልኩን እቤት ረስቼ፣ በሩን ቆልፌ ነበር የወጣሁት። ቁጥር ተሳስተሽ ይሆናል፣ ልጄ።”

“ይሆናል” አለችና ‘ሦስት’ ብላ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ጎሬ ገብተው የቤታቸውን በር ከፈቱ። ጠዋት ደራርበው ከተዉአቸው ትራሶች ሁለቱ በቦታቸው አሉ። ሦስተኛው በግድግዳው በኩል፣ ገለኔ ትተኛበት በነበረው ጎን ተቀምጧል፤ ጭንቅላት እንዳረፈበት መሃሉ ጎድጉዷል።

ጋሼ ደቅሲሳ ቆመው አዩት። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና፣ ቦታ እንዳይጣበብ ተጠንቅቀው፣ ከአልጋው ዳር ጋደም አሉ።