የባሕረ ጥምቀቱ አበባ

ሁለቱ ገበሬ ማህበራት አረሙን በአንድ ቀን ሊነቅሉ ተስማምተው ቢወጡም፣ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ሲደርሱ እግራቸው ተያዘ። ከድርቁ የተረፈው ውሃ ይኸው ብቻ ነበር፤ እሱንም ወይን ጠጅ አበባ ያለው ተንሳፋፊ አረም ሊውጠው ደርሷል። ግን ታቦት በሚወርድበት ውሃ ላይ የበቀለውን በረከት ማን ይንቀል?

"አባ፣ እባክዎ ይፍቀዱልን" አለ ከሊቀመንበሮቹ አንዱ አሻግሬ፣ አብረዋቸው የመጡትን የደብሩን ቄስ።

ቄሱ መቋሚያቸውን አስያዙት። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ገቡና አንዱን አረም ከነሥሩ መዘዙት።

"በረከት አይደለም። ለበዓሉ ያምራል ብዬ ከቆቃ ሐይቅ በጣሳ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ፍቱኝ።"

ከዚያ አንዲት ባልቴት "እግዜር ይፍታዎት፣ አባ" ብለው ተከተሏቸው፤ ሕዝቡም ግር ብሎ ገባ። አሻግሬ መቋሚያውን የሚቀበለው ሰው ቢፈልግ ዳር ላይ የቀረ አልነበረም።