ዱባይ ያለው ጫማ

«ይኸው እትዬ፣ የእርስዎ ወርቃማ ጫማ ገና ዱባይ ነው» አለ የሃብተ ጊዮርጊስ ድልድዩ ጫማ ነጋዴ፣ ስልኩን በባንኮኒው ላይ እያዞረላቸው። ከውጭ በኦንላይን የሚያዝዘውን ሁሉ በኤክሴል ነበር የሚከታተለው፤ የደረሰው አረንጓዴ፣ ያልደረሰው ቢጫ። «ኤክሴል አይዋሽም።»

«ልጄን እኮ የምድራት ነገ ነው!» አሉ እትዬ ወርቅአፈራሁ።

ይህን ጊዜ የነጋዴው ሚስት ከእህቷ ሰርግ እያነከሰች ገባች። በዓይኑ «ውጪ» ቢላትም አላየችውም። «ወይኔ እግሬን! ይሄ ጫማ ጨረሰኝ እኮ!» ብላ አንድ እግሯን አነሳች። ጫማው ወርቃማ ነበር።

ነጋዴው አውራ ጣቱን ወደ ስልኩ ሰዶ ቢጫውን አረንጓዴ አደረገው። «አሁን ገባ» አለ ቀስ ብሎ።

እትዬ ወርቅአፈራሁ የሚስትየውን እግር ትክ ብለው አዩ።

«አይፈረድባትም» አሉ፤ «ከዱባይ በእግሯ ነው የመጣችው።»