የመሥራቹ ልጅ

በገንዳ ውሃ ከተማ የካቶሊክ ሲስተሮች የሴቶች ትምህርት ቤት አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ቦታውን የሰጡት አቶ ቢያድግልኝ መድረኩ ላይ ከፊት ተቀምጠው ነበር። በዚህ በዓል የመሥራቾች ቤተሰብ በክብር መዝገቡ ላይ እንዲፈርም ታስቦ ነበር። ርዕሰ መምህርቷ የአቶ ቢያድግልኝን ልጅ አይናዲስን ወደ መድረኩ ጠርተው እስክሪብቶውን ሰጧት።

“ስምሽን ጻፊልን። አባትሽ ‘ሴት ልጅ ትማር’ ብለው ነው መሬቱን የሰጡን።”

አይናዲስ እስክሪብቶውን መልሳ ዘረጋችላቸው። “መጻፍ አልችልም፣ ሲስተር” አለች። “ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ሳምንት ነው ለአንድ ባለ ሰሊጥ እርሻ የተዳርሁት። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።”

ርዕሰ መምህርቷ ወደ አባቷ ዞሩ። አቶ ቢያድግልኝ ግን ልጃቸውን ብቻ እያዩ፣ “በሰው ፊት አታዋርጂኝ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “በጣትሽ ፈርሚና ውረጂ።”

አውራ ጣቷን የማኅተሙ ቀለም ላይ አሳርፋ ከአባቷ ስም ሥር ተጫነች። ዩኒፎርም የለበሱት ልጃገረዶች አጨበጨቡ።