የጋሽ አሻራ አውራ ጣት

ነፍሳቸውን ይማርና፣ የላቦራቶሪ አለቃችን የናሙና መስታወቱን ሁሉ በባዶ እጃቸው ስለሚነኩ «ጋሽ አሻራ» እንላቸው ነበር። አውራ ጣታቸው ላይ ጠባሳ ነበረባቸው።

«ምን አስጨነቃችሁ?» ይሉን ነበር። «ይቺ ማይክሮስኮፕ ካተኮርንበት ጥልቀት የመጣውን ብርሃን ብቻ በጠባብ ቀዳዳዋ ታሳልፋለች። ሌላውን ከደጅ ትመልሰዋለች፤ የላይኛው እድፍ አይታይም።»

ዛሬ ጠዋት አዲስ የሥጋ ናሙና አስገብቼ ወደ ውስጥ አተኮርኩ። ከሥጋው መሃል ባለጠባሳ አሻራ ወጣ።

«መስታወቱን ጥረጊው እንጂ!» አለችኝ ባልደረባዬ።

ላይ ታቹን ጠረግኩት። ቀዳዳውን አጠበብኩት። አሻራው ጭራሽ ጥርት አለ።

ባልደረባዬ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«ጋሼ?» አለች፣ ቀስ ብላ።

ይሄኔ አሻራው ሰፋ፤ ልክ ጣት ከመስታወት ጀርባ ጠበቅ አድርጎ ሲጫን እንደሚሰፋው።