የአባቴ ቃል

አባቴ አቶ ጓንጉል ከልጅነቱ ጀምሮ ይንተባተባል። አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ ግን በአንጎል ምስሉ ላይ የንግግር ችግር የታየበት ሰው ሁሉ ከቤተሰቡ ውጭ ካለ ሰው ጋር አንገት ላይ በሚታሰር መሣሪያ ብቻ እንዲናገር ታዘዘ። መሣሪያው የአንጎሉን ምስል እያነበበ፣ አስቧል ያለውን በዜና አንባቢ ድምፅ ይናገርለታል። ባለሙያ ተብዬዎቹ አባቴን ሃያ ደቂቃ አስተኝተው አንጎሉን በምስል አነሱና ስልሳ ዓመት የኖረበትን አንደበት «ብልሽት» ብለው ጻፉበት።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሊጠይቁኝ ወልድያ ቤታችን መጡ። መሪያቸው አቶ ይመር ቆመው፣ «ልጅዎን ስንዱን ለልጃችን እንዲሰጡን ነው የመጣነው» አሉ።

አባቴ ገና አፉን ሲከፍት መሣሪያው ቀደመው። «በደስታ ሰጥተናል!» አለ።

የአባቴ ፊት ጠቆረ። መሣሪያውን ከአንገቱ ፈትቶ ትራስ ሥር ወሸቀው።

«አባባ፣ ይቀጡሃል!» አልኩት።

«ይ... ይ... ይቅጡኝ!» አለና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «እ... እሷን ሳ... ሳ... ሳልጠይቅ አል... አልሰጥም።»

ሽማግሌዎቹ እስኪጨርስ በትዕግሥት ጠበቁት። ያ ለፍላፊ ዕቃ የአባቴን ማመንታት ከብልሽቱ ቆጥሮ ጥሎት ኖሯል።

«አ... አንቺስ?» አለኝ አባቴ።

ሰውየውን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት። «አልፈልግም፣ አባባ» አልኩት። ሽማግሌዎቹ መርቀውን ሄዱ።

በማግስቱ ሕጉን ከሚያስፈጽመው ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ መሣሪያው የላከለትን ምስል ይዞ መጥቶ፣ «ምስሉ እንደሚያሳየው እርስዎ ፈቅደዋል» ብሎ ድርቅ አለ።

አባቴ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት።

«ው... ው... ው... ውጣ!»